የጨጓራ ቁስለት ለተጠረጠረባት ባዝራዬ ማሟያ ስሰጥ ያየሁት

ለፈረስ ጨጓራ ተብለው የሚሸጡት የመኖ ማሟያዎች፣ ሳፕልመንት የምንላቸው፣ ብዛታቸው ለጉድ ነው። ዱቄቱ፣ እንክብሉ፣ ዘይቱ፣ በሲሪንጅ አፍ ውስጥ የሚጨመቀው፣ የሥራ ሥርና የቅጠል ቅይጡ፤ ሁሉም ባልዲው ላይ ጠጉሩ የሚያብረቀርቅ ፈረስ ተለጥፎበታል። ባዝራዬ የጨጓራ ቁስለት ሳይኖርባት አይቀርም ከተባለ ወዲህ ብዙዎቹን አገላብጬ አይቻለሁ፤ ጥቂቶቹንም ገዝቼ ሰጥቻታለሁ። የጠቀመ አለ፣ ገንዘብ ብቻ የበላ አለ፣ ለይቶ ለመናገር የሚያስቸግርም አለ። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ሐኪሟ ያስረዳችኝን፣ ያንን ይዤ ያነበብኩትንና ጋጣ ውስጥ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ዳማ እላታለሁ፣ በጠጉሯ ቀለም። ምልክቷ ሲጀምር ጨጓራን የሚያስታውስ አልነበረም። የእህል መኖዋን ሁለት ሦስት ጉርሻ ትቀምስና ትተወዋለች፤ ድርቆሹን ግን ትበላለች። የኮርቻውን የሆድ ጠፍር ሳጠብቅ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣብቃ ክንዴን ለመንከስ ትዞራለች። ከበላች በኋላ የላይኛውን ከንፈሯን ገልብጣ ትቆማለች፣ ደጋግማም ታዛጋለች። በሶምሶማ ደህና ናት፤ ወደ ግልቢያ ስትገባ ግን ጭራዋን ታወናጭፍና ቀጥ ትላለች። ጠጉሯም ወዙን አጣ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ «ዛሬ ከፍቷታል» ተብሎ የሚታለፍ ነው። አንድ ላይ ሲመጣ ነው የሚያሳስበው።

ዶክተሯ መጥታ ስታያት ስለ ጨጓራ አፏን አልከፈተችም። ጥርሷን አየች፣ ጀርባዋን ዳሰሰች፣ ኮርቻው በትከሻዋ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ተመለከተች፣ ጠንካራ መሬት ላይ አስሮጣ አካሄዷን አየች፣ ለትል ምርመራ ፋንድያ ወሰደች። ጠፍር ሲጠብቅበት የሚነክስ ፈረስ ሁሉ ጨጓራው ቆስሏል ማለት አይደለም። የማይመች ኮርቻ፣ የጀርባ ሕመም፣ የእግር ሕመም፣ በባዝራ ደግሞ የእንቁላል ማምረቻ ችግር ያንኑ ጠባይ ያመጣሉ። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው፣ የማሟያ ባልዲ ደርድሮ ኮርቻውን አንድ ቀን ገልብጦ ያላየ ፈረሰኛ ብዙ ስላጋጠመኝ ነው። ይህ ሁሉ ታይቶ ደህና ሲሆን ነው «እንግዲህ ጨጓራዋን እጠረጥራለሁ» ያለችው።

ጥርጣሬውን እርግጥ የሚያደርገው አንድ ምርመራ ብቻ ነው፤ ጋስትሮስኮፒ። ሦስት ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍንጫ ገብቶ ጨጓራ ድረስ ይወርዳል። የደም ምርመራ ቁስለትን አያሳይም፤ ፋንድያ ላይ የደም ርዝራዥ የሚፈልገው መሞከሪያም ለዚህ አያስተማምንም። ለእኛ ካሜራው እጃችን ላይ አልነበረም፤ ተራ መጠበቅ ነበረብን። በዚያ መሐል ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ነው ወደ ማሟያዎቹ የወሰደኝ።

ማሟያ ከመግዛቴ በፊት ግን ዶክተሯ ቁጭ አድርጋ የፈረስን ጨጓራ አስረዳችኝ፤ ባታስረዳኝ ኖሮ የባልዲዎቹን ጽሑፍ እንደ ወረደ እቀበል ነበር። የፈረስ ጨጓራ ከአካሉ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ቢይዝ ከ8 እስከ 15 ሊትር ነው። በላም አልበላም፣ ቀንም ሌሊትም አሲድ ያመነጫል፤ በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ገደማ የጨጓራ ፈሳሽ ይወጣዋል። አፈጣጠሩ ውሎውን ሁሉ ሲግጥ ለሚውል እንስሳ ነው። ምራቁ ውስጥ አሲድን የሚያለዝብ ባይካርቦኔት አለ፤ ችግሩ ምራቁ የሚፈሰው ሲያኝክ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ድርቆሽ አኝኮ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ አንድ ኪሎ እህል ግን በ10 ደቂቃ ያልቃል። እህሉ ሆድ ሞላ እንጂ ምራቅ አላመጣም ማለት ነው። በዚያ ላይ ስታርቹ ጨጓራ ውስጥ ሲብላላ የሚፈጥራቸው አሲዶች ይጨመራሉ።

ጨጓራው ደግሞ ሁለት ዓይነት ግድግዳ አለው። የላይኛው ክፍል እንደ ጉሮሮ ሽፋን ያለ ነው፤ ከአሲድ የሚከላከልለት ንፍጥ የለውም። የታችኛው ክፍል አሲዱ ራሱ የሚመነጭበት ስለሆነ በንፍጥና በባይካርቦኔት የተሸፈነ ነው፤ የደም ዝውውሩም ጥሩ ነው። ባዶ ሆዱን ያለ ፈረስ ሲሮጥ ሆዱ ይጨመቅና ከታች የተኛው አሲድ ወደ ላይኛው ግድግዳ ይወጣል። ግማሽ ውሃ ይዞ የሚናጥ ጀሪካን አስቡ። የላይኛው ቁስለት እንግዲህ በአብዛኛው የአሲድ ጉዳይ ነው። የታችኛው ሌላ ነው፤ እዚያ የሚደክመው መከላከያው ነው። እንደ ፌኒልቡታዞን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ያንን መከላከያ ያሳሱታል፤ ዕረፍት የሌለው ሥራና የጭንቀት ኑሮም አስተዋጽኦ አላቸው። በሰው ጨጓራ ላይ ዋና ተጠያቂ የሆነው ሄሊኮባክተር የሚባለው ባክቴሪያ በፈረስ ላይ ምክንያት መሆኑ አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ «እኔ የዳንኩበትን አንቲባዮቲክ ለፈረሴም» የሚለው አያስኬድም።

ይህን ሁለት ክፍል መለየት ትርፍ ዕውቀት አይደለም። አንድ ማሟያ የትኛውን ግድግዳ ሊረዳ እንደሚችል ካልጠየቃችሁ ሁሉም እኩል ይመስላችኋል።

«መጀመሪያ የምትሰጫት ማሟያ ድርቆሽ ነው» አለችኝ ዶክተሯ፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ደረቁ ሲለካ በቀን ከክብደቷ 1.5 በመቶ ያላነሰ ሣርና ድርቆሽ፤ 500 ኪሎ ለምትመዝን ባዝራ 7.5 ኪሎ መሆኑ ነው፣ ያውም ዝቅተኛው። በሁለቱ መኖዎች መካከል ያለው ባዶ ጊዜ ከ6 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ4 እንዳያልፍ። ሚዛን ከሌላችሁ ክብደቱን በሜትር መገመት ይቻላል፦ ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ በሳንቲሜትር ለኩ፣ በራሱ አባዙት፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ባለው ርዝመት አባዙት፣ በ11,880 አካፍሉት። ኪሎውን በጥሩ ግምት ይሰጣችኋል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው መጠን ሁሉ በኪሎ ስለሆነ ይህችን ስሌት አትዝለሉ።

የሌሊቱ ነገር ነበር የከበደኝ። የማታ ድርቆሿን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርሳ እስከ ንጋት ባዶዋን ትቆም ነበር። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የድርቆሽ መረብ አንዱን በሌላው ውስጥ ደርቤ፣ አንገቷን እንዳይጎትት ዝቅ አድርጌ ሰቀልኩላት። በመጀመሪያዎቹ ማታዎች መረቡን በንዴት እያነሳች ከግድግዳው ጋር ስታላትመው እሰማ ነበር። ቆይታ አንድ አንድ ዘለላ በከንፈሯ መምዘዝ ለመደች። ጠዋት ስገባ ታች የቀረ ድርቆሽ ማግኘት ስጀምር ልቤ አረፈ።

እህሉን ደግሞ ቀነስን። ሕጉ በአንድ መኖ ስታርቹ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 ግራም እንዳያልፍ፣ በቀን ደግሞ ከ2 ግራም በታች እንዲሆን ነው። ለ500 ኪሎ ፈረስ በአንድ ጊዜ አጃ ከሆነ አንድ ኪሎ ከሩብ ገደማ፣ ገብስ ከሆነ ከ900 ግራም ያላለፈ፣ በቆሎ ከሆነ 700 ግራም ገደማ ማለት ነው። ውሃ ምንጊዜም ከፊቷ እንዳይጠፋ ተደረገ። በ2009 የታተመ፣ በዴንማርክ ፈረሶች ላይ የተሠራ ጥናት ሜዳ ላይ ውሃ የማያገኙና ከሣር ወገን ገለባ ብቻ የሚበሉ ፈረሶች ለቁስለት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ገለባ ከድርቆሽ ጋር ተቀላቅሎ መጠነኛ ከሆነ ችግር የለውም፤ ብቻውን ሲሆን ነው ነገሩ።

አሁን ወደ ማሟያዎቹ። አንድ ደንብ አወጣሁ፦ አንዱን ጀምሬ ጥቂት ሳምንታት ሳላይ ሌላ አልጨምርም። ደብተር ላይ የምጽፈው ጥቂት ነገር ነበር፤ እህሏን ጨረሰች ወይስ ተወች፣ ጠፍር ሲጠብቅ ምን አደረገች፣ ፋንድያዋ፣ በግልቢያ እንዴት ሆነች። አሰልቺ ነው፤ ግን ያለ ደብተር ሰው የሚያስታውሰው የፈለገውን ነው።

የመጀመሪያው አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ነው። እንደ ማሟያ አይቆጥሩትም እንጂ ከገዛሁት ሁሉ ዋጋውን ያወጣው እሱ ነው። ካልሲየሙና ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ስለሆነ አሲድን ያለዝባል። በ2000 የታተመ ሙከራ ላይ አልፋልፋና እህል የበሉ ፈረሶች የተለመደ የሣር ድርቆሽ ከበሉት ይልቅ የጨጓራ አሲዳቸው የለዘበ፣ ቁስለታቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ከመጋለቤ ግማሽ ሰዓት በፊት ጥቂት እፍኝ ደረቁን አልፋልፋ እሰጣታለሁ፤ ማኘኩ ምራቅ ያመጣል፣ የታኘከውም ከአሲዱ ላይ ተንሳፍፎ ወደ ላይ እንዳይረጭ ያግደዋል። ማታ ማታ እንክብሉን በውሃ ዘፍዝፌ ሌላውን ዱቄት እለውስበታለሁ። አረንጓዴ አረፋ በከንፈሯ ዙሪያ እየተንጠባጠበ ጫማዬ ላይ ሲያርፍ መቆጣቱን ትቻለሁ። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አልፋልፋ ያወፍራል፤ ኮቴው የሚያብጥበት ወይም በቀላሉ የሚወፍር ፈረስ ካላችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አታብዙ። በጣም ደቅቆ የተከተፈው ደግሞ ጡት በጣሉ ውርንጭሎች ላይ የጨጓራውን መውጫ በር አካባቢ እንደሚያቆስል ታይቷል፤ ረጅሙን ወይም እንክብሉን ምረጡ።

ቀጥሎ የአሲድ ማለዘቢያዎቹ፤ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ፣ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ። ይሠራሉ፤ ቶሎም ይሠራሉ። የሚቆዩት ግን ቢበዛ ለሁለት ሰዓት ያህል ነው፣ ጨጓራው ማመንጨቱን አያቆምማ። ስለዚህ ጠዋት አንድ ማንኪያ ሰጥቶ ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩት ማለት ራስን መሸንገል ነው። ቦታቸው ከግልቢያ በፊትና ከጉዞ በፊት ነው። ደረቁን ዱቄት እህል ላይ ስበትነው ዳማ እህሉን እየለቀመች ዱቄቱን ግርግሙ ሥር ተለጥፎ እንዲቀር ታደርገው ነበር፤ እርጥብ አልፋልፋ ውስጥ ሲለወስ ነው በሥርዓቱ የገባላት። ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ፈረስ ከሆነ ሰዓቱን አራርቁ፤ እነዚህ ነገሮች እንደ ቴትራሳይክሊን ያሉትን መድኃኒቶች ይዘው ከሰውነት እንዳይዋሃዱ ያደርጋሉ። የዳቦ ሶዳ የሚሰጡ ሰዎች አሉ። እኔ አልሞከርኩትም፤ ሶዲየሙ ብዙ ነው፣ ሥራው ያው አጭር ነው።

ፔክቲን (ከፍራፍሬ የሚገኝ አርጊ ነገር) እና ሌሲቲን (ከአኩሪ አተር የሚወጣ የቅባት ዓይነት) የያዙት በሦስተኛ መጡ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አሲድ ውስጥ ሲገቡ ወደ ዝልግልግ ነገር ተለውጠው የላይኛውን ግድግዳ ይሸፍናሉ ይባላል። ጥናቶቹ ግን አይስማሙም፤ መሻሻል ያገኙ አሉ፣ ምንም ያላገኙም አሉ። በደብተሬ ላይም ለውጥ አልታየም። ተልባ ተፈልቶ የሚሰጠውን ዝልግልግም በዚሁ ወገን መደብኩት፤ ጉዳት የለውም፣ ጠጉር ያሳምራል፣ ቁስለት ያድናል ብሎ መማል ግን አይቻልም።

የበቆሎ ዘይት አስገራሚ ታሪክ አለው። በ2004 በፖኒዎች ላይ በተሠራ ጥናት በቀን 45 ሚሊ ሊትር ዘይት የአሲዱን ምርት ቀንሷል። ብዙም ሳይቆይ በባዝራዎች ላይ የተለያዩ የአትክልት ዘይቶች ተሞክረው ቁስለትን አልከላከሉም። ለዳማ የሰጠኋት እህል ሲቀነስ የጎደለባትን ጉልበት እንዲተካ ነው፣ ከትንሽ ጀምሬ ቀስ በቀስ፤ ለዚያ ጥሩ ነበር።

ሲ ባክቶርን የሚባለው ብርቱካናማ ፍሬ ጭማቂ ደግሞ እጅን፣ ባልዲንና ልብስን በአንድ ቀለም ይነክራል። በ2012 የታተመው ጥናት የላይኛውን ግድግዳ እንዳልረዳ፣ ሆዳቸው ባዶ ሆኖ የቆዩ ፈረሶች ላይ ግን የታችኛው ቁስለት ያነሰ እንደነበር ይናገራል። እሬትም በ2018 የአሲድ ምርትን ከሚያፍነው መድኃኒት ከኦሜፕራዞል ጋር ተወዳድሮ ተበልጧል። ሊኮሪስና የዛፍ ልጥ የሚሉትን ቅይጦች አልገዛሁም፤ ባልዲው ላይ ስማቸው አለ፣ መጠናቸው የለም። ፕሮባዮቲክ ስሙ ሁሌ ከጨጓራ ጋር ይነሳል እንጂ የሚሠራው ከጨጓራ ወዲያ ባለው ሰፊ አንጀት ላይ ነው።

መሰጠት የሌለባቸውም አሉ። የፖም ኮምጣጤ አሲድ ነው፤ በቆሰለ ግድግዳ ላይ ምን እንዲሠራ እንደሚታሰብ አይገባኝም። ላብ ከፈሰሰ በኋላ በሲሪንጅ የሚሰጠው የተመጠጠ የጨው ማሟያ ደግሞ ለጨጓራ ክፉ ነው፤ በ2005 በተሠራ ጥናት ደጋግመው ሲሰጡት ቁስለቱን አብሶታል። ጨው ካስፈለገ በብዙ ውሃና በመኖ ውስጥ ይሰጥ።

ውጤቱስ? ድርቆሹና አልፋልፋው ከተስተካከሉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እህሏን መጨረስ ጀመረች። ማዛጋቱ ቀረ፣ ከንፈር መገልበጡም ቀረ። ጠፍር ላይ አሁንም ጆሮዋን ትጥላለች፤ መንከሱን ግን ተወች። ግልቢያው ላይ ግን ምንም ለውጥ የለም፤ ከመኪና ጉዞ በኋላ ደግሞ የምግብ ፍላጎቷ እንደገና ይወርዳል። አንዳንድ ወዳጆቼ «ተሻላት እኮ፣ ለካሜራ ለምን ትደክሚያለሽ?» አሉኝ። ዶክተሯን ስጠይቃት «የተሻለው አንዱ ክፍል ሊሆን ይችላል» አለች። ተራውን አልሰረዝኩም።

ለምርመራው ከ12 እስከ 16 ሰዓት ከምግብ መከልከል አለባት። በር ላይ የሚለጠፍ «እንዳትመግቡ» የሚል ወረቀት ይኑራችሁ፤ ደግ ጎረቤት አንድ እፍኝ ድርቆሽ ወርውሮ ምርመራውን ሊያበላሽ ይችላል። ማስታገሻ ወስዳ አንገቷን ደፍታ ቆማ ሳለ ስክሪኑ ላይ የጨጓራዋን ውስጥ አየሁ። ላይኛው ነጣ ያለ፣ ታችኛው ቀይ ሮዝ፣ መሐላቸው ያለው ድንበር እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ያለ። በድንበሩ ጠርዝ ላይ ሊድን የተቃረበ ቀላል ቁስል ብቻ ነበር፤ ከ0 እስከ 4 በሚሰጠው ደረጃ 1 አለችው። ቱቦው ወደ መውጫው በር ሲወርድ ግን ቀላ ብሎ ያበጠ፣ ነጭ ሽፋን የያዘ ቦታ ታየ። ሁለት ነገር ነው የነበረባት፤ ድርቆሹና አልፋልፋው የያዙት የላይኛውን ነው። ለታችኛው የሰጠኋት ማሟያ ሁሉ አልደረሰም።

ኦሜፕራዞል ታዘዘላት፤ ለኪሎ 4 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከመኖ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ። መደበኛው ሕክምና 28 ቀን ነው፤ ለላይኛው ቁስለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለታችኛው ግን ኦሜፕራዞል ብቻውን በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚያድነው ሩቡን ገደማ ፈረሶች ነው፤ ስለዚህ ሱክራልፌት ተጨመረ፣ ለኪሎ 12 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ፣ ከኦሜፕራዞሉ ሰዓት ተራርቆ። ሱክራልፌት ቁስሉ ላይ እንደ ሙጫ ይለጠፋል። ለታችኛው ቁስለት ሚሶፕሮስቶል የሚያዝዙም አሉ፤ እሱን ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት በእጇ እንኳ እንዳትነካው።

ስለ ኦሜፕራዞል አንድ ነገር። የጨጓራ አሲድ ራሱ መድኃኒቱን ይሰብረዋል፤ ለዚህ ነው ለፈረስ የሚሠራው ዝግጅት በልዩ ሽፋን ወይም በማለዘቢያ የሚጠበቀው። የሰውን ካፕሱል ከፍቶ ውስጡ ያሉትን ፍሬዎች ፈጭቶ እህል ላይ መበተን ሽፋኑን አጥፍቶ መድኃኒቱን ለአሲድ መስጠት ነው። ፈረሱ ካልተሻለው «ኦሜፕራዞል አይሠራበትም» ይባላል።

ማሟያዎቹ ሁለተኛ ጊዜ ያገለገሉኝ መድኃኒቱ ሊቆም ሲል ነው። ኦሜፕራዞል በአንድ ቀን ሲቋረጥ ታፍኖ የነበረው የአሲድ ምርት ከበፊቱ በልጦ ሊነሳ ይችላል። ዶክተሯ መጠኑን ቀስ በቀስ አወረደችው። በዚያ ወቅት ከግልቢያ በፊት አልፋልፋ ከማለዘቢያ ዱቄቱ ጋር፣ ማታ ድርቆሽ በደርብ መረብ፣ ሥራውም የቀለለ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሙሉ ዕረፍት። ጆሮዋን አንድ ሁለት ቀን ጠፍር ላይ ስትጥል ልቤ ደንገጥ ይል ነበር፤ አልቀጠለም። ሁለተኛው ካሜራ ላይ መውጫው በር አካባቢ የቀረው ጥቂት መቅላት ብቻ ነበር። ግልቢያዋም ተመለሰ፤ መጀመሪያ በሜዳ፣ ቆይቶ በአጥር ውስጥ።

ውድድር ለምትገቡ፦ ኦሜፕራዞል በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን፣ በኤፍ ኢ አይ፣ በውድድር ወቅት የተፈቀደ ነው። ችግር የሚፈጥሩት «ጨጓራን ያረጋጋል፣ መንፈስን ያለዝባል» የሚሉት የቅጠል ቅይጦች ናቸው፤ እንደ ቫሌሪያን ያለ የተከለከለ ነገር ውስጣቸው ሊኖር ይችላል። ስትገዙ ባልዲውን አዙራችሁ ለአንድ ቀን የሚሰጠው መጠን ውስጥ የእያንዳንዱ ነገር ግራም ስንት እንደሆነ ፈልጉ። ዝርዝሩ «ልዩ ቅይጥ» ብቻ የሚል ከሆነ መልሳችሁ አስቀምጡት።

ማሟያ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ፈረሱ እየተንከባለለ፣ እያላበ፣ ሆዱን እየረገጠ ከሆነ፣ ፋንድያ ካቆመ፣ ጨርሶ መብላት ከተወ፣ ቁርጠቱ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ወዲያው ይጠራ። ውርንጭላ ጥርሱን ካፋጨ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ ወይም በጀርባው ከተኛ ነገ ይታያል አይባልም፤ በውርንጭላ ላይ ቁስለቱ ጨጓራውን እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል። የሕመም ማስታገሻም በራሳችሁ ግምት አትስጡ፤ ለዳማ እግር ከዚያ ወዲህ ማስታገሻ ሲያስፈልግ ዶክተሯ ዓይነቱንም መጠኑንም ጨጓራዋን አስባ ነው የመረጠችው።

ዛሬ የማሟያ መደርደሪያዬ ላይ የቀረው ሁለት ነው፤ የአልፋልፋው እንክብልና የማለዘቢያው ዱቄት። ዱቄቱም የሚወጣው በመኪና ስንጓዝና ከባድ ሥራ ባለበት ቀን ብቻ ነው። ሲ ባክቶርኑ ሲያልቅ አልተካሁትም፤ ደብተሩ ላይ መኖሩም መቅረቱም አይታወቅም። በጉዞ ላይ ድርቆሹ ከፊቷ እንዲሰቀል፣ በየጥቂት ሰዓቱ ቆመን ውሃ እንድትጠጣ አደርጋለሁ፤ የማታውቀውን ውሃ አሽትታ ስለምትተወው ከቤቷ የቀዳሁትን ሁለት ጀሪካን እጭናለሁ።